ፒያኖን በመዝሙር ማስተማር፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ተማሪ?

አንድ ተማሪ የተለማመደውን መዝሙር ተጫውቶልኝ ሲጨርስ ወረቀቱን እገለብጥና «አሁን ያንኑ ከዲ ጀምረህ ተጫወተው» እለዋለሁ። ቀድሞ የተጫወተው በሲ ነበር፤ ሲና ዲ የፒያኖ ቁልፎች ስም ናቸው። ቀጥለው የሚመጡት ጥቂት ሰከንዶች ስለ ልጁም፣ ስለተማረበት መንገድም ብዙ ይነግሩኛል። አንዱ እጁን አንስቶ ጭኑ ላይ ያሳርፋል፤ ጣቶቹ የለመዱት የቁልፎቹን ተራ ብቻ ነውና መሄጃ የለውም። ሌላው ዜማውን በቀኝ እጁ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ግራ እጁ ግን ይጠፋበታል። ሦስተኛዋ «መነሻው ዲ ከሆነ አራተኛው ጂ፣ አምስተኛው ኤ ነው» ብላ በቀስታ ትጀምራለች።

ይህን ፈተና የምወደው ከአጃቢው ሕይወት የተወሰደ ስለሆነ ነው። ጉንፋን የያዛት ዘማሪ እሑድ ጠዋት መዝሙሩን ዝቅ አድርጋ ብትጀምር፣ አጃቢው «እኔ የተለማመድኩት በሌላ ነው» ሊላት አይችልም። በሁለት ምት ውስጥ አብሯት መገኘት አለበት። የሙዚቃ ቲዎሪ ለፒያኖ ተማሪ ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው።

ወላጆችም ሆኑ ዐዋቂ ተማሪዎች «በመዝሙር ያስተምሩን» ሲሉኝ ከአራት ነገሮች አንዱን እያሰቡ ነው፦ ባለ አራት ድምፅ የመዝሙር መጽሐፍ፣ ለፒያኖ ተቀናብሮ የታተመ መዝሙር፣ ግጥምና ኮርድ (በአንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች ስም) የተጻፈበት ወረቀት፣ ወይም ያለ ምንም ወረቀት በጆሮ መጫወት። አራቱም ያስተምራሉ፤ የሚያስተምሩት ነገር ግን የተለያየ ነው።

አስቀድሞ ስለ ስያሜ

በአማርኛ የሚያስተምር ሰው በመጀመሪያው ቀን መፍታት ያለበት አንድ ችግር አለ። በእንግሊዝኛ ፊደል ስንጠራ «ሲ» ከሁለቱ ጥቁር ቁልፎች በስተግራ ያለችው ነጭ ቁልፍ ናት። በዶ፣ ሬ፣ ሚ ስንጠራ ግን «ሲ» ከዶ በታች የምትገኘው ሰባተኛዋ ድምፅ ናት። ከአንድ መምህር ወደ ሌላ የተዛወረ ልጅ በዚህ ምክንያት ብቻ ወር ሙሉ ሲደናገር አይቻለሁ። «ኤ» እና «ኢ»ም በጆሮ በቀላሉ ይምታታሉ። እኔ ለቁልፎቹ የፊደል ስም፣ በቅኝቱ ውስጥ ላላቸው ተራ ደግሞ ቁጥር እጠቀማለሁ። እዚህም እንደዚያው እቀጥላለሁ።

ባለ አራት ድምፅ የመዝሙር መጽሐፍ

ከከፍተኛው ድምፅ እስከ ዝቅተኛው፣ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነርና ባስ አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረው የሚገኙበት ይህ መጽሐፍ የተጻፈው ለሚዘምሩ ሰዎች ነው። የፒያኖ ተማሪ ሲከፍተው የሚገጥመው ችግርም ከዚሁ ይመነጫል። በቴነርና በባስ መካከል ያለው ርቀት አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ኦክታቭ (ከአንድ ነጭ ቁልፍ እስከ ስምንተኛው ካለው ርቀት) ይበልጣል፤ የልጅ እጅ አይደርስበትም። ኮርዱም በየምቱ ይቀያየራል። እ.ኤ.አ. በ1551 በጄኔቫው የመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍ ታትሞ የወጣውንና «ኦልድ ሃንድረድዝ» በመባል የሚታወቀውን ዜማ ብንወስድ አራት መስመር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ስምንት ቀለም አለው። ነገር ግን በየቀለሙ ማለት ይቻላል አዲስ ኮርድ ይመጣል። ለጣት ከባድ ነው። የኮርድን አካሄድ ለመማር ግን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም፤ እያንዳንዱ መስመር እንዴት እንደሚያርፍ በአጭሩ ያሳያል። መስመሩ ሲያልቅ ቆም አድርጌ «አለቀ ወይስ ገና ይቀራል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ በትክክል ይመልሳል። «ገና» ያለው አምስተኛው ኮርድ (በቅኝቱ አምስተኛ ድምፅ ላይ የሚሠራው) ላይ ሲቆም፣ «አለቀ» ያለው አንደኛው ላይ ሲያርፍ መሆኑን የምነግረው ከመለሰ በኋላ ነው።

አራቱንም ድምፅ በአንድ ጊዜ እንዲያነብ ማስገደድ ተማሪን ከመዝሙር መጽሐፍ ለዘለዓለም ያርቃል። እኔ በመጀመሪያ ሶፕራኖውንና ባሱን ብቻ አጫውታለሁ። ሁለት ድምፅ ብቻ ሆኖም ሙሉ ሆኖ ይሰማል፤ ባሱ በትክክል ከተቀመጠ ጆሮ የቀረውን ራሱ ይሞላል። ቀጥሎ ተማሪው ከእያንዳንዱ ባስ በላይ የኮርዱን ስም በእርሳስ ይጽፋል። ከዚያ አልቶ ወደ ቀኝ እጅ ይገባል፤ ቴነር የመጨረሻው ነው።

ይህን መንገድ የምመርጠው ሁለቱንም እጅ አንብቦ መጫወት ለጀመረ፣ እጁ ኦክታቭ ለሚደርስና የመዘምራን ቡድን ማጀብ ለሚፈልግ ተማሪ ነው። የቡድኑን አልቶ ለብቻው ማስጠናት የሚችል አጃቢ ከዚህ መንገድ ውጭ ሲወጣ አላየሁም። የበረታ ተማሪ ከዚህ ቀጥሎ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባኽ ባለ አራት ድምፅ አድርጎ የጻፋቸውን ኮራሎች (የቤተ ክርስቲያን መዝሙሮች) መያዝ ይችላል፤ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1784 እስከ 1787 የታተመው ስብስብ 371 ይዟል። በሳምንት አንድ ብቻ፣ ያውም ባሱና ሶፕራኖው ብቻ፣ ለዓመታት የሚበቃ ሥራ ነው።

ለፒያኖ የተቀናበሩ መዝሙሮች

በየደረጃው ተከፋፍለው፣ በፒያኖ አጻጻፍ ተዘጋጅተው የሚታተሙት እነዚህ ናቸው። ያምራሉ፤ ወላጅ ሲሰማቸው ደስ ይለዋል፤ ልጁም ለመለማመድ ይጓጓል። ፔዳልን፣ ድምፅን ከፍና ዝቅ ማድረግን፣ ዜማን ከአጃቢው ድምፅ ለይቶ ማውጣትን የሚያስተምር ሌላ መንገድ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አደጋቸውም ውበታቸው ነው። ተማሪው በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ግጥም እንደሚሸመድድ ሰው ሦስት ወር ለፍቶ አንድ መዝሙር ይይዛል። በፕሮግራሙ ቀን ይጨበጨብለታል። ከሁለት ወር በኋላ ስትጠይቁት መጀመሪያዋን መስመር ብቻ ያስታውሳል። ከላይ የተናገርኩትን ፈተና የሚወድቁት በብዛት እነዚህ ናቸው፤ ጥፋቱ ግን የተማሪው አይደለም። ቅንብሩን ከፍቶ ውስጡን ያሳየው ሰው አልነበረም።

ቅንብርን ከፍቶ ማሳየት ማለት እንዲህ ነው። ተማሪው ሁለት ባለቀለም እርሳስ ይይዛል። ዜማውን በአንዱ ያከብበዋል፤ በየእርምጃው ዝቅተኛውን ድምፅ በሌላው። የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው ማለት ነው። ከዚያ ጌጡን ሁሉ ትቶ ዜማውንና ባሱን ብቻ ይጫወታል፤ ኮርዱን በስሙ ይጠራል። በመጨረሻም ግራ እጁ ሲሠራ የነበረውን አንድ አካሄድ፣ ለምሳሌ አንደኛ፣ አምስተኛና ስምንተኛ ድምፅ እየበተነ የሚወጣውን፣ ወስዶ በሌላ መዝሙር ላይ ይሞክረዋል። ከአንድ ቅንብር አንድ አካሄድ ይዞ የወጣ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሲጠቀምበት ይኖራል።

መጨረሻው ስንኝ ላይ ቅንብሩ አንድ ድምፅ ከፍ ካለ ደግሞ ሳልቆም አላልፍም። ከሲ ወደ ዲ ሲሸጋገር ብዙ ጊዜ መካከል ላይ «ኤ ሰባት» ኮርድ ይገባል። በዚያ ኮርድ ውስጥ ሲ ሻርፕ (ከሲ በስተቀኝ ያለችው ጥቁር ቁልፍ) ወደ ዲ ትወጣለች፤ ጂ ደግሞ ወደ ኤፍ ሻርፕ ትወርዳለች። ተማሪው እነዚህን ሁለት እንቅስቃሴዎች ብቻ ደጋግሞ ሲጫወት፣ በቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ለምን ድንገት ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ በጣቱ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ኤፍ፣ ወደ ጂ እንዴት እንደሚሸጋገር ራሱ ይፈልጋል።

መጽሐፍ ስትመርጡ ከሽፋኑ ይልቅ ግራ እጁን ተመልከቱ። በአንድ መዝሙር ውስጥ በየእርምጃው አዲስ ነገር የሚሠራ ግራ እጅ ለመማሪያ አይመችም። ሁለት ወይም ሦስት አካሄድ እየደጋገመ የሚሄደው ይሻላል። የኮርድ ስም ከላይ የተጻፈበት ከሆነ ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት ሸፍኑት፤ ተማሪው ራሱ ከጻፈ በኋላ ያመሳክር።

ግጥምና ኮርድ

በአሁኑ ጊዜ ወጣቶች በስልካቸው የሚለዋወጡት ይህንን ነው፤ ግጥሙ ላይ የኮርድ ፊደል ተቀምጧል፣ ዜማው ግን አልተጻፈም። ለአጃቢነት በጣም ፈጣኑ መንገድ ነው። «ጸጥታ የሰፈነባት ሌሊት» እየተባለ ትርጉሙ የሚነገርለት የኦስትሪያው የገና መዝሙር እ.ኤ.አ. በ1818 ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘመረው በጊታር ታጅቦ ነው፤ አንደኛ፣ አራተኛና አምስተኛ ኮርድ የያዘ ጀማሪ ዛሬም ሊያጅበው ይችላል።

እኔ ግን ፊደሉን እንዳለ አልተወውም፤ ወደ ቁጥር አስቀይረዋለሁ። በአሜሪካዋ ናሽቪል ከተማ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠሩ ሙዚቀኞች ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮርድን በቁጥር እየጻፉ ዘፋኙ በፈለገው ድምፅ ያጅቡ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። አንደኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ አራተኛ ብለን ብንጽፍ፣ በሲ ሲሆን ሲ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ ነው (ማይነር ማለት ሦስተኛው ድምፁ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ኮርድ ነው፤ ያልወረደው ሜጀር ይባላል)። በዲ ዲ፣ ኤ፣ ቢ ማይነር፣ ጂ ይሆናል። በኢ ፍላት (ከኢ በስተግራ ባለችው ጥቁር ቁልፍ) ደግሞ ኢ ፍላት፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ማይነር፣ ኤ ፍላት። ወረቀቱ አንድ ነው፤ የሚቀየረው እጅ ብቻ ነው። ወረቀት ገልብጬ የምጠይቀውን ፈተና ከሁሉም ቀድሞ የሚያልፈው በዚህ የተማረ ልጅ ነው።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ይታያል። ቀኝ እጁ ኮርድ ከመደብደብ ሌላ ሥራ አይኖረውም፤ ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው እየዘለለ ይሄዳል። መድኃኒቱ የኮርድ ግልባጭ ነው፤ ይኸውም የአንዱን ኮርድ ድምፆች በሌላ ቅደም ተከተል መደርደር ነው። ከሲ ወደ ኤፍ ስትሄዱ ሲ ባለችበት ትቆያለች፤ ኢ ወደ ኤፍ፣ ጂ ወደ ኤ አንድ እርምጃ ይነሣሉ። «እጅህን ሳታነሣ ኮርድ ቀይር» የሚል አንድ ትእዛዝ ግማሹን የድምፅ አካሄድ ትምህርት ይሸከማል። ኖታ ማንበብ ግን በዚህ መንገድ አይገኝም። ወደ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያስብ ልጅ ይህን ብቻ ይዞ እንዲቀር አልመክርም።

በጆሮ

በኢትዮጵያ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ኪቦርድ ከሚጫወቱት ብዙዎቹ ያደጉት እንዲህ ነው፤ ከጎን ቆመው እያዩ፣ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ መሣሪያው ላይ እየቆዩ። ይህን መንገድ የሚንቁ መምህራን አሉ፤ እኔ ግን በጣም አከብረዋለሁ። ዘማሪው ሳይነግረው መነሻውን አግኝቶ የሚገባ ልጅ፣ ስምንት ዓመት ኖታ ያነበበ ሰው የሌለው ነገር አለው።

የጎደለው ስም ነው። የሚሠራውን ኮርድ ስም አያውቅም፤ ስለዚህ ለጊታሪስቱም ለባሲስቱም ሊነግረው አይችልም፣ ሲሳሳትም ስሕተቱ የት እንደሆነ ማግኘት ይቸግረዋል። ሁለተኛው ችግር ኪቦርዱ ላይ ያለው ትራንስፖዝ የሚባለው ቁልፍ ነው። አንዷን ቁልፍ ተጭኖ መሣሪያውን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ እጁ ግን ለዓመታት አንድ ቦታ ላይ ይኖራል። አንድ ቀን እውነተኛ ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ያ ቁልፍ የለም።

ከእንዲህ ዓይነት ተማሪ ጋር ኖታ አስቀድሜ አልጀምርም፤ ያሳፍረዋል፣ እንደ ሕፃን የተቆጠረ ይመስለዋል። በሚያውቀው መዝሙር እጀምራለሁ። «ይህን የምትጫነውን ቁጥር ንገረኝ» እላለሁ። ከአንድ ወር በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ትራንስፖዙን ዘግቶ ይለማመዳል፣ መጀመሪያ በጂ፣ ቀጥሎ በኤፍ፣ ከዚያ በዲ። ኖታ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ በጣቱ የሚያውቀውን ዜማ በመጻፍ። አንብብ ከማለት ጻፍ ማለት ለእነዚህ ልጆች ይቀላቸዋል።

የእኛ ቅኝት ሲመጣ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ከውጭ ለመጡ መዝሙሮች ያለ ብዙ ችግር ይሠራል። በትዝታ፣ በባቲ ወይም በአምባሰል ለተደረሰ የአማርኛ መዝሙር ግን መምህሩ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። ብዙ ማስተማሪያ መጻሕፍት የማይረዱን እዚህ ላይ ነው።

ድልድዩ በጣም ቅርብ ነው። «አሜዚንግ ግሬስ» የሚባለው መዝሙር ግጥሙ እ.ኤ.አ. በ1779 ታትሞ፣ አሁን ከምናውቀው ዜማ ጋር በአሜሪካ በ1835 ተጋብቷል። በጂ ስትጫወቱት ዜማው የሚጠቀመው ጂን፣ ኤን፣ ቢን፣ ዲንና ኢን ብቻ ነው። አምስት ድምፅ። የእኛው ትዝታ ሜጀር ማለት ነው። ይህን ለተማሪ ሳሳይ ፊቱ ላይ የሚታየው ደስታ አንድ ሙሉ የቲዎሪ ምዕራፍ ያስንቃል።

አሁን ትዝታ ሜጀርን በሲ እናስቀምጥ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ተማሪው ከእነዚህ አምስት ድምፆች ብቻ ባለ ሦስት ድምፅ ሜጀርና ማይነር ኮርድ እንዲሠራ እጠይቀዋለሁ። የሚያገኘው ሁለት ብቻ ነው፤ ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር። የኤፍ ኮርድ ኤፍን፣ የጂ ኮርድ ቢን ይፈልጋል፤ ሁለቱም በቅኝቱ ውስጥ የሉም። በትዝታ ማይነር፣ ማለትም በሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ሲሞክር ሲ ማይነርና ኤ ፍላት ሜጀርን ያገኛል። በባቲ፣ በሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ፣ ሲ ሜጀርና ኢ ማይነርን።

አምባሰል ግን ልዩ ነው። ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። የሚገኙት ዲ ፍላት ሜጀርና ኤፍ ማይነር ናቸው፤ በመነሻው በሲ ላይ የሚቆም ኮርድ የለም። ዜማው ቤቱ ሲገባ ኮርዱ ቤት የለውም። አጃቢው ሲ ማይነር ቢመታ ኢ ፍላትን ከውጭ አመጣ ማለት ነው፤ ኤፍ ማይነር ላይ ቢያርፍ ደግሞ መዝሙሩ የኤፍ ማይነር መዝሙር ይመስላል። ስንት ጊዜ በአምልኮ መካከል የአምባሰል መዝሙር ቀለሙን ሲያጣ ሰምቼ አዝኛለሁ! የምመክረው ማረፊያው ላይ ሲንና ጂን ብቻ ክፍት አድርጎ መያዝ፣ መንገድ ላይ ደግሞ ዲ ፍላትን ማስገባት ነው። ባዶነቱ ጉድለት አይሆንበትም፤ የቅኝቱን ጠባይ ይጠብቃል።

ከቅኝቱ ውጭ ያሉ ኮርዶችን ፈጽሞ አትንኩ አልልም። «አሜዚንግ ግሬስ» ራሱ በአራተኛና በአምስተኛ ኮርድ ሲታጀብ ኖሯል። ተማሪው ግን በመጀመሪያ ቅኝቱ በሚፈቅደው ይጫወት፣ ቀጥሎ አንድ የውጭ ኮርድ ያስገባ፣ ልዩነቱን ይስማና ይምረጥ። ሦስተኛ ኮርድ ሲያስፈልገው በትዝታ ሜጀር ጂ፣ ሲና ዲን አንድ ላይ መያዝ ይችላል፤ ሦስቱም የቅኝቱ ናቸው፣ የአምስተኛ ኮርድንም ሥራ በለሰለሰ መንገድ ይሠራሉ።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወላጆችም ልጃቸው ፒያኖን በመዝሙር እንዲማር ይጠይቁኛል። ለእነርሱ የምሰጠው መልስ ጠንቃቃ ነው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የዜማ ስልቶች ከከበሮ፣ ከጸናጽልና ከመቋሚያ ጋር የሚኖር ነው፤ የፒያኖ ቁልፎች የማይደርሱበት የድምፅ መንሸራተት አለው፣ ፒያኖም የቅዳሴው መሣሪያ አይደለም። ዜማውን ከመሪጌታ፣ ፒያኖውን ከፒያኖ መምህር ይማር እላለሁ። ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ መገናኘት እንደሚችሉ ግን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. በ1923 ተወልደው በ2023 ያረፉት እኚህ መነኩሲት፣ ለፒያኖ የደረሷቸው ሥራዎች የሀገራችንን ቅኝት በነጭና በጥቁር ቁልፍ ላይ አኑረዋል።

ስለ መሣሪያው ጥቂት

ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ለኮርድና ለጆሮ ትምህርት ይበቃል። ለተቀናበሩ መዝሙሮች ግን 88 ቁልፍ ያለውና ቁልፉ ክብደት ያለው ዲጂታል ፒያኖ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የግራ እጁ ዝቅተኛ ድምፆች ቦታ ያጣሉ። ስታይል የሚባለውን ራሱ የሚያጅብ ምት በልምምድ ሰዓት አጥፉት። ግራ እጅ እየሰነፈ የሚሄደው በእርሱ ምክንያት ነው።

ለማን ምን

ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላለ ልጅ ቀለል ያለ የፒያኖ ቅንብርና በጆሮ መፈለግን አጣምሬ እይዛለሁ፤ በሳምንቱ አንድ መስመር ያነብባል፣ አንድ የሚያውቀውን መዝሙር በአንድ ጣት ይፈልጋል። የመዝሙር መጽሐፉ ይቆይ።

በቤተ ክርስቲያን እያገለገለ ላለ ወጣት ኮርድ በቁጥር ይቅደም፤ በስድስት ወር ውስጥ ባሱንና ሶፕራኖውን ከመዝሙር መጽሐፍ ይጨምር። የአንድ ሰዓት ትምህርት ካለን ሃያውን ደቂቃ ለሚመጣው እሑድ መዝሙሮች እሰጣለሁ። ከዚያ የሚያንስ ከሆነ ትምህርቱና አገልግሎቱ ይለያዩበታል፤ ትምህርቱን ይተወዋል።

በውጭ ሀገር ያደጉና በአካባቢያቸው መምህር ኖታ በደንብ ለሚያነብቡ የእኛ ልጆች የጎደላቸው ተቃራኒው ነው። ለእነርሱ የአማርኛ መዝሙር ከእናታቸው ወይም ከአያታቸው አፍ ሰምተው ራሳቸው እንዲጽፉ አዛለሁ፤ መጀመሪያ ዜማውን፣ ቀጥሎ አምስቱን ድምፆች ለይተው፣ ከዚያ ቅኝቱ የሚፈቅዳቸውን ሁለት ኮርዶች። የጻፉትን ለአያታቸው ተጫውተው «እንዲህ አይደለም፣ እዚህ ጋ ዝቅ ይላል» ከተባሉ፣ ወረቀቱን ይዘው ይመለሱና እናርመዋለን።